ለሕገ መንግሥት ሕግ ፈተና የትኛውን ላንብብ? የትኛውንስ ልተው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቀን ቀን በአንድ ወረዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ፤ ማታ ሕግ እማራለሁ። የሕገ መንግሥት ሕግ ማጠቃለያ ፈተናዬ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። አንቀጾቹን በቃሌ አጥንቼ ገብቼ የአጋማሹን ፈተና ግማሽ ነጥብ እንኳ አላገኘሁም። በቴሌግራም የሰበሰብኳቸው 23 ፋይሎች አሉኝ፤ አጫጭር ኖቶች፣ የመምህራን ሃንድአውት፣ የድሮ ፈተናዎች፣ የውጭ አገር መጻሕፍት። ሁሉንም ማንበብ አልችልም። የትኞቹን ልያዝ? ጊዜዬንስ እንዴት ልጠቀም? ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሕገ መንግሥቱን አማርኛ ቅጂ ብተወውስ?

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ የቀረው ሁሉ እሱን ተከትሎ ይመጣልና። አማርኛውን አትተዪው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው ሰነድ የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። ሁለቱ ቅጂዎች በሚለያዩበት ቦታ ክርክር አለ፤ ክርክር ያለበት ቦታ ደግሞ መምህራን ጥያቄ የሚያወጡበት ቦታ ነው።

አንዱን ብቻ ቀረብ ብለን እንየው። አንቀጽ 84 ንዑስ አንቀጽ 2ን በሁለቱም ቋንቋ ክፈቺና ጎን ለጎን አድርጊ። እንግሊዝኛው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ተብሎ ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ (የሕገ መንግሥት ክርክርን መርምሮ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ለሚያቀርበው አካል) የሚቀርበው «ማንኛውም የፌዴራል ወይም የክልል ሕግ» ነው የሚል ይዘት አለው። አማርኛው ግን «በፌዴራሉ መንግሥትም ሆነ በክልል ሕግ አውጪ አካላት የሚወጡ ሕጎች» ይላል። ልዩነቱ «ሕግ አውጪ አካላት» የሚለው ሐረግ ላይ ነው። እንግሊዝኛውን ብቻ የያዘ ተማሪ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብም ሆነ የአንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ሕግ ነው፣ ስለዚህ ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥታዊነቱን ሊያየው አይችልም ብሎ ያልፋል። አማርኛውን ያነበበው ግን ቆም ይላል። ለአጣሪ ጉባኤው የተለየለት የሕግ አውጪው ሥራ፣ ማለትም አዋጅ ከሆነ፣ አስፈጻሚው ያወጣው መመሪያ የት ይደርሳል? አንቀጽ 9(1) ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ማንኛውም ሕግ፣ ልማዳዊ አሠራርና የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት የለውም ይላል። አንቀጽ 13(1) ደግሞ በየትኛውም ደረጃ ያለ የዳኝነት አካል የምዕራፍ ሦስትን፣ ማለትም የመሠረታዊ መብቶችና ነፃነቶችን ድንጋጌዎች የማክበርና የማስከበር ግዴታ አለበት ይላል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ፍርድ ቤቶች ጨርሶ እጃቸው ታስሯል ማለት ይከብዳል።

ክርክሩ እዚህ ላይ አያበቃም። አዋጅ ቁጥር 250/1993ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 798/2005 «ሕግ» የሚለውን ቃል ደንብንና መመሪያን እንዲጨምር አድርገው ተርጉመውታል። ታዲያ አዋጅ የሕገ መንግሥቱን ቃል ማስፋት ይችላል? በ1997ቱ ምርጫ ማግስት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባ ለአንድ ወር የአደባባይ ስብሰባና ሰልፍ ሲከለክሉ የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት ጉዳዩን ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አቅርቦ ነበር። ድርጊቱ የአስፈጻሚው ሆኖ ሳለ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ራሱ ከመወሰን ይልቅ ወደ አጣሪ ጉባኤው መራው፤ ጉባኤውም ክልከላው ሕገ መንግሥቱን አይቃረንም አለ። ከአንድ ሐረግ ተነሥተሽ እዚህ ድረስ መጣሽ ማለት ነው። በድርሰት ጥያቄ ላይ ሙሉ ነጥብ የሚያስገኘው ይህን መንገድ ራስሽ ሄደሽ ማሳየትሽ ነው፤ አንቀጽ 84ን በቃል መጻፍ ብቻውን ከግማሽ በላይ አያደርስሽም።

አሁን ወደ 23ቱ ፋይሎች እንሂድ። እኔ ብሆን ከእነሱ ውስጥ አራት ወይም አምስት አስቀርቼ ሌላውን እስከ ፈተናው ቀን አልከፍትም ነበር።

የመጀመሪያውና ዋናው ራሱ ሕገ መንግሥቱ ነው። በነጋሪት ጋዜጣ የወጣውን፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው በአንድ ገጽ ጎን ለጎን የታተመበትን ቅጂ ፈልጊ። ከኖት ላይ የተቀዳ ወይም አንድ ሰው ለራሱ የተየበው ቅጂ አይሁን። ንዑስ አንቀጽ የጠፋበት፣ ቁጥሩ የተዘዋወረበት ፋይል ተማሪ እጅ ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ። ወረቀት ላይ አሳትሚው፤ ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ የምትጽፊበት ሰፊ ባዶ ቦታ ይኑረው። ሕገ መንግሥቱ 11 ምዕራፍና 106 አንቀጽ ብቻ ነው። ይህን ሳይጨርሱ ስለ እሱ የተጻፈ 400 ገጽ መጽሐፍ መክፈት ትልቁ የጊዜ ብክነት ነው፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪ የወደቀውም በዚህ ነው።

ሁለተኛው ሕገ መንግሥቱን የሚያስፈጽሙት አዋጆች ናቸው። ሁሉም አያስፈልጉሽም። ስለ አጣሪ ጉባኤው አዋጅ 798/2005፣ ስለ ፌዴሬሽን ምክር ቤት አዋጅ 1261/2013፣ ፌዴራል መንግሥቱ በክልል ጣልቃ ስለሚገባበት ሥርዓት አዋጅ 359/1995፣ ስለ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234/2013 ይበቃሉ። ከእነዚህም ትርጓሜ ክፍሉን፣ የሥልጣን ድንጋጌዎቹንና የአቀራረብ ሥርዓቱን ካነበብሽ የአስተዳደር ጉዳዮቹን በዓይንሽ ማለፍ ትችያለሽ።

ሦስተኛው የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የአጣሪ ጉባኤው ውሳኔዎች ናቸው። በእኔ እምነት በተማሪዎች ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የተናቀው ይህ ነው። ምክር ቤቱ ውሳኔዎቹን በመጽሔት እያሳተመ አውጥቷል፤ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ታገኚዋለሽ። አምስት ስድስት ውሳኔ በደንብ ካወቅሽ ማንኛውንም ጥያቄ የምታስደግፊበት አታጪም። የስልጤ የማንነት ጥያቄና የ1993ቱ ሕዝበ ውሳኔ ራስን በራስ ስለማስተዳደር ለሚናገረው አንቀጽ 39 ይሆንሻል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ የምርጫ ጉዳይ የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አታውቁም ተብለው ከዕጩነት የታገዱ ሰዎች ያነሡት ነው፤ ምክር ቤቱ የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ ይበቃል ብሎ ወሰነ። ያለ ፈቃዳቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተዳኙ ሰዎች ጉዳይ አንቀጽ 34(5)ን ሕያው ያደርግልሻል። በዚህኛው ላይ አጣሪ ጉባኤው መጀመሪያ ትርጉም አያስፈልገውም ብሎ መልሶት ነበር፤ ባለጉዳዮቹ በአንቀጽ 84(3)(ሀ) መሠረት ለምክር ቤቱ ይግባኝ ብለው ተፈረደላቸው። የይግባኙን መንገድ የትኛውም ኖት ከዚህ በተሻለ አያስረዳሽም። የቤተሰብ ሕጉም አለ። አዋጅ 213/1992 ለምን በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ ይሠራል ብለሽ ጠይቂና ከአንቀጽ 51 ወደ 55(6)፣ ከዚያ ወደ 52(1) ሂጂ። የቤተሰብ ሕግ ለፌዴራሉ ተለይቶ ስላልተሰጠ ለክልሎች ቀረ። የሥልጣን ክፍፍልን ያስተማርኩት ሁልጊዜ በዚህ ምሳሌ ነው።

አራተኛው የመምህርሽ ሃንድአውትና ያወጣቸው የድሮ ፈተናዎች ናቸው። የሌላ ዩኒቨርሲቲ መምህር ኖት የቱንም ያህል ቢያምር ፈታኝሽ እሱ አይደለም። አምስተኛው አንድ ማስተማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ሁለት አይሁን፤ ሕገ መንግሥቱን ራስሽ አንብበሽ ያልገባሽን ለመፈለግ ብቻ የምትከፍቺው።

የውጭ መጻሕፍቱን ተያቸው። ከእነሱ የሚፈለገው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ሕገ መንግሥትን ማን ይተረጉማል የሚለው። በአሜሪካ ከ1803ቱ የማርበሪና ማዲሰን ፍርድ ጀምሮ መደበኛ ፍርድ ቤቶች ይተረጉማሉ፤ በኦስትሪያና በጀርመን ለዚሁ የተቋቋመ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት አለ፤ እኛ ዘንድ ሁለተኛው ምክር ቤት፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት። ይህን ለማወቅ ሦስት ገጽ ይበቃል።

የምታስቀሪውን ኖት ግን ሳትፈትሺ አትመኚ። የኖቱን ዕድሜ በአምስት ደቂቃ የምታውቂበት ዘዴ አለኝ። ስለ ክልሎች የሚያወራውን ገጽ ክፈቺ። ዘጠኝ ክልሎች ብቻ አሉን ካለ ከ2012 በፊት የተዘጋጀ ነው። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014 ክልል ሆኑ፤ በ2015 መጨረሻ ደግሞ የቀድሞው ደቡብ ክልል ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተመሠረቱ። አሁን 12 ናቸው። ቀጥለሽ ስለ ፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚጠቅሰውን አዋጅ እዪ፤ 251/1993 ካለ አርጅቷል። የሰበር ሰሚ ችሎት ትርጉም አስገዳጅ ነው የሚለውን በአዋጅ 454/1997 ብቻ የሚያስረዳ ከሆነም እንደዚያው፤ ጉዳዩ አሁን ያለው በ1234/2013 ነው። ሦስቱንም ፈተና የወደቀ ፋይል ካለሽ አጥፊው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። የአንቀጽ 47(1) ቃል ራሱ አልተቀየረም፤ አሁንም የሚዘረዝረው ዘጠኙን ነው። «በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 የተዘረዘሩት ክልሎች ስንት ናቸው» ከተባልሽ ዘጠኝ፤ «ዛሬ የፌዴሬሽኑ አባል ክልሎች ስንት ናቸው» ከተባልሽ 12። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብቢ። ይህ ቁጥር የማሻሻያ ሥርዓቱ ላይም ይመጣል። በአንቀጽ 104 በክልሎች በኩል ማሻሻያ ለማመንጨት ከክልል ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው ያስፈልጋል፤ ዘጠኝ በነበሩ ጊዜ ሦስት ነበር፣ አሁን አራት ነው። በአንቀጽ 105(2) የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛም ከስድስት ወደ ስምንት ከፍ ብሏል። ብዙ ኖት ላይ ግን አሁንም «6 ክልሎች» ተብሎ ተጽፏል።

ሌላው የዓመተ ምሕረት ነገር ነው። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ «የ1987 ሕገ መንግሥት» ስታነቢ የደርጉን፣ የኢሕዲሪን (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክን) ሕገ መንግሥት ማለቱ ነው። በአማርኛ «የ1987ቱ ሕገ መንግሥት» ሲባል ደግሞ አሁን ያለው ነው፤ ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን 1987 የጸና። የደርጉን እኛ የ1980 ሕገ መንግሥት ነው የምንለው። የአዋጅ ቁጥራቸው ሳይቀር ያሳስታል፤ አንዱ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሌላው በእኛ ሁለቱም 1/1987 ሆነው ይገኛሉ። የ1923ቱ በእነሱ 1931፣ የ1948ቱ 1955 ነው። አራቱንም በሁለት አቆጣጠር በአንድ ትንሽ ወረቀት ጽፈሽ የመጽሐፍሽ ሽፋን ውስጥ ለጥፊ። በዚህ ምክንያት የሁለት ሥርዓቶችን ድንጋጌ አደባልቀው የጻፉ ጎበዝ ልጆች ወረቀት አርሜያለሁ፤ በጣም ያሳዝናል፣ ዕውቀቱ ስለነበራቸው።

አሁን በቃልሽ አጥንተሽ ለምን እንደወደቅሽ። ጥፋቱ በቃል ማጥናትሽ አይደለም። በቃል መያዝ ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ በኋላ እመጣበታለሁ። ችግሩ አንቀጾቹን እንደ ዳዊት ከአንድ እስከ 106 በተራ መድገምሽ ነው። ሕገ መንግሥት እንደዚያ አይሠራም፤ አንዱ አንቀጽ ሌላውን ይገድበዋል፣ ይሞላዋል፣ ያስፈጽመዋል። ስለዚህ በተራ ሳይሆን በሰንሰለት አጥኚው።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይሽ። የመተርጎም ሥልጣን ለምን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ተሰጠ? ከአንቀጽ 8 ጀምሪ፤ የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤቶች ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው፤ ሕገ መንግሥቱም የሉዓላዊነታቸው መግለጫ ነው። ወደ 61 ሂጂ፤ ምክር ቤቱ የእነሱ ተወካዮች ስብስብ ነው፤ እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ፣ በተጨማሪም ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተወካይ ይኖረዋል። ቃል ኪዳኑን ያሰሩት እነሱ ከሆኑ መተርጎሙም የእነሱ ነው የሚል አስተሳሰብ ነው፤ 62(1) እና 83(1) የመጡት ከዚያ ነው። ነገር ግን ተወካዮቹ የሕግ ባለሙያ መሆን አይጠበቅባቸውም፤ ስለዚህ 82 እና 84 ባለ 11 አባል አጣሪ ጉባኤ አቋቋሙላቸው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉ፣ ስድስት የሕግ ባለሙያዎች፣ ሦስት ከምክር ቤቱ አባላት መካከል የሚወከሉ። የምክር ቤቱን ውሳኔ በ30 ቀን የሚገድበው 83(2) ነው። ይህን አንዴ ለጓደኛሽ ካስረዳሽ በኋላ ስድስት አንቀጽ በቃልሽ ለመያዝ አትታገይም፤ አንዱ ሌላውን እየጠራ ይመጣልሻል። የሚተቹት ምን ይላሉ የሚለውንም ጨምሪበት፤ ፖለቲካዊ አካል በራሱ ጉዳይ ዳኛ ይሆናል የሚለው ትችት ሳይጠቀስ የተጻፈ መልስ ጎዶሎ ነው።

ሁለተኛው ሰንሰለት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው፤ በ2009፣ በ2010፣ በ2012፣ በ2014ና በ2015 ስለታወጀ መምህራን አይተዉትም። አንቀጽ 93 ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ናቸው በቃል መያዝ ያለባቸው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ ይቀርብለታል፤ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ። የመጀመሪያው ዕድሜ እስከ ስድስት ወር ነው፤ ማራዘሚያው በየአራት ወሩ። ድምፁ ሁለት ሦስተኛ። የክልል መስተዳድሮች የሚያውጁት ለተፈጥሮ አደጋና ለበሽታ ብቻ ነው። እነዚህን ሰዓትና ወራት የሚያምታታ ተማሪ በምርጫ ጥያቄ ላይ ነጥብ ይጥላል።

ከባዱ ጥያቄ ግን የሚመጣው ከ93(4)(ሐ) ነው። በአስቸኳይ ጊዜም የማይነኩት አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና 39(1)ና (2) ናቸው። ዝርዝሩን ቀስ ብለሽ አንብቢው። በሕይወት የመኖር መብት፣ አንቀጽ 15፣ የለበትም። አሁን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንን አንቀጽ 4 አጠገቡ አድርጊ፤ እዚያ በሕይወት የመኖር መብት ከማይነኩት አንዱ ነው። ኢትዮጵያ ቃል ኪዳኑን ተቀብላለች። አንቀጽ 9(4) የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል፤ 13(2) ደግሞ ምዕራፍ ሦስት ከዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ሰነዶች ጋር በተጣጣመ መንገድ ይተርጎም ይላል። ታዲያ በአስቸኳይ ጊዜ በሕይወት የመኖር መብት ይገደባል ወይስ አይገደብም? 13(2) ስለ ምዕራፍ ሦስት ነው የሚናገረው፤ 93 ያለው ምዕራፍ 11 ውስጥ ነው፤ ይህስ ለውጥ ያመጣል? አንድ ቁርጥ መልስ የለውም፤ ነጥብ የሚሰጥሽ የሁለቱንም ወገን ክርክር በአንቀጽ አስደግፈሽ ወደ አንዱ ስታዘነብዪ ነው።

የ2012ቱን የምርጫ መራዘምም አትለፊው። በአንቀጽ 58(3) የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዘመን አምስት ዓመት ነው፤ አዲሱ ምርጫም ዘመኑ ከማብቃቱ ከአንድ ወር በፊት መጠናቀቅ አለበት። በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሊካሄድ አልቻለም። ምክር ቤት መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ሕገ መንግሥት ማሻሻልና ትርጉም መጠየቅ በአማራጭነት ቀርበው የተመረጠው አራተኛው ነበር። አጣሪ ጉባኤው ባለሙያዎችን በአደባባይ ሰማ፤ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 የምክር ቤቶቹ ዘመን እንዲቀጥል፣ ምርጫውም በሽታው ስጋት አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ እንዲካሄድ ወሰነ። ለፈተና የሚሆነው ጥያቄ፣ ተከራካሪ ሳይኖር «ትርጉም ስጡኝ» ብሎ መቅረብ በ83 እና በ84 ይፈቀዳል ወይ የሚለው ነው። ፖለቲካውን ለጊዜው ተይውና በቃሉ ላይ ተከራከሪ።

ንባቡ ይህ ነው። ሌላው ግማሽ ሥራ መጻፍ ነው፤ አንቺን የጣለሽም የሱ ልምምድ ማጣት ይመስለኛል። አንድ ጥያቄ ልስጥሽ፦

የአንድ ክልል ንግድ ቢሮ «የክልሉን የሥራ ቋንቋ የማይናገር ሰው የንግድ ፈቃድ አይሰጠውም» የሚል መመሪያ አወጣ። ከሌላ ክልል የመጣ ነጋዴ ተከልክሎ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ቢሮው፣ ጉዳዩ የሕገ መንግሥት ትርጉም ስለሚጠይቅ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም ሲል ተቃወመ።

አብዛኛው ተማሪ እንዲህ ይጀምራል፦ «በአንቀጽ 25 ሁሉም ሰው እኩል ነው፤ ስለዚህ መመሪያው ሕገ ወጥ ነው።» ከ20 ነጥብ አራት አገኘ እንበል። አንቺ ግን መጀመሪያ ጭብጦቹን ለዪ። አንደኛው የሥልጣን ነው፤ ፍርድ ቤቱ መመሪያውን ማየት ይችላል ወይስ ወደ አጣሪ ጉባኤው መምራት አለበት? እዚህ ከላይ ያየነው የ84(2) የሁለት ቅጂ ልዩነት፣ የ798/2005 ትርጓሜ፣ 9(1)፣ 13(1) እና ፍትሕ የማግኘት መብትን የያዘው 37 ይገባሉ። ሁለተኛው የፍሬ ነገሩ ጭብጥ ነው። ለነጋዴው፣ ቋንቋን በልዩነት ምክንያትነት የሚከለክለው 25፣ በአገሪቱ በማናቸውም ቦታ በኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሳተፍ መብት የሚሰጠው 41(1)፣ የመዘዋወር ነፃነቱ 32 አሉ። ለቢሮውም የሚባል ነገር ፈልጊ፤ ክልሎች የሥራ ቋንቋቸውን የሚወስኑት በ5(3) ነው። ነገር ግን የመንግሥት የሥራ ቋንቋን መወሰን ለግለሰብ ንግድ ቅድመ ሁኔታ ለማድረግ ይበቃል? ደግሞስ 5(3) «በሕግ» ይላል፤ የቢሮ መመሪያ ያንን ያሟላል? የቤኒሻንጉል ጉሙዙን ውሳኔ አምጪና ለዪው፤ እዚያ ጉዳዩ በምክር ቤት ተቀምጦ ሕዝብን መወከል ነበር፣ እዚህ ሱቅ መክፈት ነው። ቋንቋ ማወቅ ለመጀመሪያው ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለሁለተኛው ግን ምክንያቱ ይሳሳል። በመጨረሻ በእያንዳንዱ ጭብጥ ላይ አቋምሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። «ለፍርድ ቤቱ ትቼዋለሁ» ብለሽ አትሽሺ።

ይህን በእጅሽ፣ ሰዓት ይዘሽ፣ በ40 ደቂቃ ጻፊው። በስልክ አትጻፊው፤ በፈተናው ቀን የሚደክመው እጅሽ ነው። በእንግሊዝኛ ጻፊው፤ ሐሳቡን ግን በአማርኛ ጨርሰሽ አስቢበት። ቃላት የሚያጥሩሽ ከሆነ በየአንቀጹ ዳር የእንግሊዝኛውን ቁልፍ ቃል በእርሳስ መጻፍሽ ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

ስለ ጊዜው። ቀን ሠራተኛ ስለሆንሽ በቀን አምስት ሰዓት አጥኚ አልልሽም። የመጀመሪያውን ሳምንት ለሕገ መንግሥቱ ብቻ ስጪው፤ በቀን 15 አንቀጽ፣ በሰባተኛው ቀን 16፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ ኖት ሳትከፍቺ። አልገባኝም ያልሽው ላይ ምልክት አድርጊና እለፊ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ሰንሰለቶቹን ሥሪ፤ የሥልጣን ክፍፍል፣ ትርጉም፣ መብቶችና ገደባቸው፣ አስቸኳይ ጊዜ፣ ራስን በራስ ማስተዳደር፣ ማሻሻያ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ወይም ሁለት ውሳኔ አንብቢ፤ አዋጆቹን ለየሰንሰለቱ በሚያስፈልጉበት ቦታ ክፈቺ። አራተኛው ሳምንት የመጻፍ ነው፤ በአንድ ቀን አንድ ጥያቄ፣ ከድሮ ፈተናዎች። ሁለት የክፍል ጓደኞች ካሉሽ አንዷ ለከሳሽ፣ አንዷ ለተከሳሽ፣ ሦስተኛዋ እንደ አጣሪ ጉባኤ ሆናችሁ ተከራከሩ፤ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃል። መምህርሽ የጻፍሽውን አንድ ወረቀት እንዲያይልሽ ጠይቂ፤ ብዙዎቻችን ደስ እያለን እናያለን፣ የሚጠይቅ ተማሪ ግን ጥቂት ነው።

አምስተኛው ሳምንት ላይ አዲስ ነገር አትክፈቺ። ያን ጊዜ ነው ቁጥሮቹን በቃል የምትይዢው፤ የ93ን ሰዓታትና ወራት፣ የ105ን ሁለት መንገዶች (ለምዕራፍ ሦስት፣ ለ104ና ለ105 ሁሉም የክልል ምክር ቤቶችና ሁለቱ ምክር ቤቶች በየራሳቸው ሁለት ሦስተኛ፤ ለሌላው የሁለቱ የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛና የክልሎች ሁለት ሦስተኛ)፣ የ54ን 550 ጣሪያና ለአናሳ ብሔረሰቦች የተጠበቀውን ቢያንስ 20 መቀመጫ፣ የፕሬዚዳንቱን ስድስት ዓመት። ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ወረቀት አይበልጥም። ወደፊት የሚጠብቅሽ የመውጫ ፈተና ምርጫ ስለሆነና ማለፊያው 50 ከመቶ ስለሆነ እነዚህን ወረቀቶች አትጣያቸው፤ ያን ጊዜም ያገለግሉሻል።

ፈተናው ላይ ሕገ መንግሥቱን ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ ከአሁኑ መምህርሽን ጠይቂ። ከተፈቀደ ምንም ያልተጻፈበት ሁለተኛ ቅጂ አሳትሚና የመጨረሻውን ሳምንት በእሱ ላይ ተለማመጂ፤ ዳር ዳሩ የተጻፈበትን ፈታኙ ሊወስድብሽ ይችላል። ካልተፈቀደና የአንቀጽ ቁጥር ቢጠፋብሽ ግን ቁጥር አትፍጠሪ። «ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የተደነገገው አንቀጽ» ብለሽ ይዘቱን በትክክል ጻፊና ቀጥዪ። ቁጥር የጎደለው ትክክለኛ መልስ የሚያጣው ጥቂት ነጥብ ነው፤ በተሳሳተ ቁጥር ላይ የተገነባ መልስ ግን አራሚውን ከመጀመሪያው መስመር ያጠራጥረዋል። የንግድ ፈቃዱን ጥያቄ ጽፈሽ ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ አርሜ እመልስልሻለሁ።